ከ120 ሜትር በታች
በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህች ከተማ መሀል፣ ሪዳርሆልመን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የስዊድን ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ይህ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ሁለት ተቀራራቢ ጉዳዮችን ወሰነ። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው በመኪና ወይም በብስክሌት ላይ ስለሚገጠም ካሜራ ነበር፤ ሁለተኛው በድሮን ላይ ስለሚገጠም ካሜራ። ለመጀመሪያው ፈቃድ አያስፈልግም ተባለ፤ ሰውየው ካሜራውን የሚያዘው እዚያው ቦታው ላይ ሆኖ ነውና። ለሁለተኛው ግን ያስፈልጋል ተባለ። ድሮኑ ሰማይ ላይ፣ ባለቤቱ ምድር ላይ፤ ካሜራው በሚያይበት ቦታ ባለቤቱ የለም። በ2013ቱ የካሜራ ክትትል ሕግ ዓይን ሲታይ ያ ድሮን በባንክ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካሜራ ጋር አንድ ወገን ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የጣሪያ ስንጥቅ የሚፈትሸው መሐንዲስ፣ ማሳውን ከላይ የሚያየው ገበሬ፣ ሠርግ የሚቀርጸው ባለሙያ፣ ሁሉም ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ደጅ መቆም ነበረበት። ፈቃዱን ለማግኘት የሥራው ጥቅም ከሌላው ሰው የግል ሕይወት መብት እንደሚመዝን ማስረዳት ግድ ነበር። የሙያው ሰዎች ጮኹ። ፓርላማውም ሕጉን አሻሻለና ከኦገስት 1 ቀን 2017 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልሆነ ሰው ድሮን ከዚያ ሕግ ወጣ። ከውሳኔው እስከ ማሻሻያው አሥር ወር እንኳ አልሞላም።

እኔ ዳኞቹን አልወቅስም። የቀረበላቸውን ሕግ አነበቡ፣ ያነበቡትን ፈረዱ። ነገር ግን ጉዳዩ አንድ ነገር ገልጦ አሳየን። ለትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ድሮን አውሮፕላን ነው። ለግል መረጃ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ካሜራ ነው። ለመሬት ልኬት ባለሥልጣኑ፣ ለላንትሜተሪየት፣ የአገር ካርታ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ለጸጥታ ፖሊሱ፣ ለሴፖ፣ ሰላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ አራት ቢሮ ውስጥ አራት ስም አለው። ታዲያ የትኛው ስም ይቅደም? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው። መልሴንም አልደብቃችሁም፤ ሕግ ድሮንን ሲያገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ቢወድቅ ማንን ይጎዳል?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ «የማን ነው?» ብሎ። አገሮች ከሁለቱ አንዱን ይዘው ሌላውን ሲዘነጉ ነው የሚሳሳቱት።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ሳላነሣው የማላልፈው አለ። እዚህ ከተቀመጥነው ለብዙዎቻችን ድሮን ሲባል መጀመሪያ የሚታየን የሠርግ ቪዲዮ አይደለም። በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ ከሰማይ በወረደ እሳት ዘመድ ያጣ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያንን ዘንግቼ ስለ ግራምና ስለ ሜትር እንደማወራ አድርጋችሁ አትዩኝ። የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ሕግ የቆመበት የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በ3ኛው አንቀጹ ራሱን ለሲቪል አውሮፕላኖች ብቻ ይወስናል፤ የጦር ኃይል፣ የጉምሩክና የፖሊስ አውሮፕላኖች የመንግሥት ናቸው ብሎ ከራሱ ያወጣቸዋል። የጦር ድሮን በጦርነት ሕግ ነው የሚጠየቀው፤ ያም ራሱን የቻለ፣ ከዚህ የከበደ ንግግር ይፈልጋል። ዛሬ የማወራው ከመንገደኛ አውሮፕላንና ከአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ጋር አንድ ሰማይ ስለሚጋሩት ስለ ሲቪሎቹ ነው።

ያው የቺካጎ ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ አብራሪ የሌለበት አውሮፕላን የአንድን አገር ሰማይ ያለዚያ አገር ልዩ ፈቃድ አያቋርጥም ይላል። በ1944 ነው ይህ የተጻፈው። የአሁኑ ድሮን በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን በዚያው ዓመት ለንደን ላይ የዘነበው ቪ-1 የተባለው የጀርመን ሰው አልባ ቦምብ ትዝታው ትኩስ ነበር። ኢትዮጵያም ስዊድንም የዚህ ስምምነት አባል ናቸው። ስለዚህ «ድሮን አዲስ ነገር ስለሆነ ሕግ የለውም» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። መነሻው ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

አዲሱ ነገር ሌላ ነው። የሰማይ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የቆመው በአብራሪው ዓይን ላይ ነው። ራዳሩም ማማውም አለ፤ ነገር ግን ከሁሉ በታች ያለው መሠረት ሁለት አብራሪዎች ተያይተው መተላለፋቸው ነው። ድሮን ውስጥ ዓይን የለም። ካሜራ አለው ትሉኝ ይሆናል፤ ያ ካሜራ ግን ወደ ታች፣ ወደ ሙሽሮቹ ነው የሚያየው፤ ከኋላው የሚመጣውን ሄሊኮፕተር አያይም። ለዚህ ነው ሕጉ ድሮን አብራሪውን ቆመህ በዓይንህ ተከታተለው የሚለው። የማሽኑን የጎደለ ዓይን የሰውየው ዓይን እንዲተካ ነው። ትንሽ ድሮን ደግሞ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከራቀ ከዓይን ይሰወራል።

ከዚህ የሚመነጨው ሁለተኛው ብልሃት ከፍታን መከፋፈል ነው። በአውሮፓ ሰው የሚያበረው አውሮፕላን ከመነሣትና ከማረፍ ውጭ በገጠር ከ150 ሜትር፣ በከተማ ላይ ከ300 ሜትር በታች በተለምዶ አይወርድም። ድሮን ደግሞ ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም። በመካከል 30 ሜትር ክፍተት ቀረ ማለት ነው። ልኩን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ የስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት ግንብ 106 ሜትር ነው፤ ሦስቱ ወርቃማ ዘውዶች ካሉበት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው ድንበሩ።

በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ሶልና ካለው ከካሮሊንስካ ሆስፒታል ጣሪያ ላይ የሚያርፈው ሄሊኮፕተር ይህን ድንበር አያከብርም፤ ሊያከብርም አይችልም። በሽተኛ ለማንሣት ሜዳ ላይ፣ አውራ ጎዳና ላይ ይወርዳል። የፖሊስ ሄሊኮፕተርም እንዲሁ። ሰማዩን በእውነት የምንጋራው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው፤ ቅድሚያውም ሁልጊዜ ሰው ለያዘው ነው።

አሁን ወደ ምደባው ልግባ፤ እዚህ ጋ ስዊድን ከብዙዎች ቀድማ አስባለች። በ2009 የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ባወጣው ደንብ ድሮኖችን በክብደት ብቻ አልለያቸውም፤ ሲጋጩ በሚለቁት ኃይልም ለያቸው። የመጀመሪያው ምድብ እስከ 1.5 ኪሎ ግራምና እስከ 150 ጁል ነበር። ቀጣዩ እስከ 7 ኪሎና እስከ 1000 ጁል። ከ7 ኪሎ በላይ ያለው ሌላ ምድብ ሆነ። ከዓይን ርቆ የሚበረው ደግሞ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን ራሱን የቻለ ምድብ ሆነ።

ጁል የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። 1.5 ኪሎ የሚመዝን ነገር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢመጣባችሁ 150 ጁል ያህል ይዞ ነው የሚደርሰው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀላል ግን ፈጣን የሆነ ድሮን ከከባድና ዘገምተኛው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ሚዛን ብቻ ይዞ የሚመድብ ሕግ ይህ ያመልጠዋል። ድሮኑ የመዝናኛ ነው ወይስ የንግድ ከማለት ይልቅ በኃይሉ መለየትን እወዳለሁ። ጭንቅላት ላይ ለወደቀበት ሰው ባለድሮኑ ደመወዝ ተከፍሎት እንደሆነና እንዳልሆነ ምን ያደርግለታል?

በአውሮፓ ደረጃ ግን ነገሩ ዘገየ። ኮሎኝ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ድርጅት እስከ 2018 ድረስ ሥልጣኑ ከ150 ኪሎ በላይ በሆኑት ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደገባው ያስተዳድር ነበር። በማርች 2015 ሪጋ ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ኃላፊዎች ድሮን እንደ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ይታይ፣ ደንቡም እንደ እያንዳንዱ በረራ አደጋ ልክ ይመጠን ብለው ተስማሙ። ከዚያ የ2018ቱ መሠረታዊ ሕግ፣ ከእርሱም የ2019ኙ ዝርዝር ደንብ ወጣ፤ ኮቪድ ካዘገየው በኋላ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። እኛም ዛሬ በስቶክሆልም የምንተዳደረው በእርሱ ነው።

ደንቡ በረራን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ከታች ክፍት የሚባለው ምድብ አለ፤ ፈቃድ የማይጠየቅበት። ከላይ የምስክር ወረቀት ምድብ አለ፤ ሰው የሚጭነው፣ ለሌላው አስጊ የሆነ አደገኛ ዕቃ የሚሸከመው፣ ከ3 ሜትር የሚሰፋ ሆኖ በሕዝብ ላይ የሚበረው እንደ መንገደኛ አውሮፕላን ሙሉ ምርመራ ያልፋል። በመካከል ልዩ ምድብ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው እርሱ ስለሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ክፍቱ ምድብ የእናንተ ነው። ከ25 ኪሎ በታች፣ ከ120 ሜትር በታች፣ ከዓይን ሳይርቅ፣ ከላይ ምንም ሳይጥል። ከ250 ግራም በታች የሆነው በማያውቁት ሰው አናት ላይ ቢያልፍ ሕጉ ይታገሠዋል። ከ900 ግራም በታች የሆነው ሆን ብሎ ማለፍ የለበትም። እስከ 4 ኪሎ ያለው ከሰው 30 ሜትር ይራቅ፤ የዝግታ ማርሽ ካለው 5 ሜትር ይበቃዋል። ሌላው ሁሉ ከመኖሪያ፣ ከንግድና ከመዝናኛ አካባቢ 150 ሜትር ይሽሽ። ዝርዝሩ ከዚህ ይረዝማል፤ የድሮኑ ካርቶን ላይ ያለውን የምድብ ምልክት ካያችሁ አብዛኛው ይገባችኋል።

የሠርግ ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ። የተጠራ እንግዳ «የማያውቁት ሰው» ነው? ሕጉ የሚለው በበረራው ውስጥ ያለ ሰው ማለት በረራውን ወዶ የተስማማና ስለ ጥንቃቄው የተነገረው ነው። የጥሪ ካርድ ይህን አያሟላም። ሙሽራው አጎቱን «ድሮን ይነሣል፤ እንዲህ ቢሆን ወዲህ ሂዱ» ካላለው አጎቱ በሕግ ዓይን መንገደኛ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ ወዳጆች አሉኝ። እስክስታው ደርቶ እያለ ድሮን ሲወድቅ ያየ ግን አይስቅም።

ሌላው የወደድኩት ትርጉም የሕዝብ ስብስብ የሚለው ነው። በክፍት ምድብ ውስጥ ማንኛውም ድሮን፣ 250 ግራም የማይሞላውም ቢሆን፣ በሕዝብ ስብስብ ላይ አይበርም። ስብስብ ማለት ስንት ሰው ነው? ደንቡ ቁጥር አላስቀመጠም። ሰዎቹ ከመጨናነቃቸው የተነሣ ዘወር ብለው ማምለጥ ካልቻሉ ያ ስብስብ ነው ይላል። ይህን ትርጉም ይዛችሁ ጥምቀትን በጃንሜዳ፣ ደመራን በመስቀል አደባባይ አስቡት። በየዓመቱ ከላይ የሚወሰደው ምስል ልብ ይሰርቃል፤ ከታች ያለው ምእመን ግን አንድ እርምጃ ወደ ጎን የሚልበት ቦታ የለውም።

ምድቡን ካወቃችሁ በኋላ ቦታው ይመጣል፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ዋናው እንቅፋት ይኸው ነው። ሪንከቢ የምትባለው የስቶክሆልም ሠፈር ከብሮማ አውሮፕላን ማረፊያ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ብሮማ በ1936 የተከፈተ የከተማ ውስጥ ማረፊያ ስለሆነ የቁጥጥር ክልሉ የስቶክሆልምን ሰፊ ክፍል ይሸፍናል። በዚያ ክልል ውስጥ እጅግ ዝቅ ካለ በረራ በስተቀር ከማማው ፈቃድ ሳይገኝ ድሮን አይነሣም። ድሮኑ 249 ግራም መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሉፍትፋርትስቨርኬት የሚባለው የአየር ትራፊክ መሥሪያ ቤት የድሮን ካርታ በኢንተርኔት አውጥቷል፤ የትኛው ክልል እንደተዘጋ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚፈልግ በቀለም ያሳያል።

ካረፋችሁ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ከአየር ላይ ያነሣችሁትን ምስል ለሕዝብ ከማሰራጨታችሁ በፊት የስዊድን ሕግ የማሰራጫ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ የየብሱን የሚሰጠው ላንትሜተሪየት ነው። በ2016 የወጣው ሕግ ወታደራዊ ቦታዎች በምስል እንዳይገለጡ ለመጠበቅ ያለመ ነው። ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ የመሬት ልኬት ቢሮ ማመልከቻ መሙላት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ እኔም ትንሽ የበዛ ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያ ወደ መካከለኛው ምድብ። ልዩ ምድብ ውስጥ ሕጉ «ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ ይከለከላል» ብሎ አይጀምርም። አብራሪውን ራሱን ይጠይቀዋል፦ ከታች ምን ያህል ሰው አለ? በዚህ አየር ውስጥ ሌላ አውሮፕላን የመገናኘቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ከቁጥጥር ቢወጣ ምን ያቆመዋል? ፓራሹት አለው? አመልካቹ ይህን ጽፎ፣ መዝኖ፣ መከላከያውን አሳይቶ ያቀርባል፤ ባለሥልጣኑ ይመረምራል። አንድ ዓይነት ድሮን በሐይቅ ላይ ቀላል፣ በስቶክሆልም መሀል ከባድ ይሆናል።

የዚህን አሠራር ዋጋ ያሳየ ሥራ የተወጠነው እዚሁ ከተማ ነው። የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ልቡ ለቆመ ሰው የልብ ማስነሻ መሣሪያ በድሮን ማድረስ ይቻላል ወይ ብለው ተነሡ። ልብ ሲቆም እያንዳንዱ ደቂቃ ዕድሜ ነው፤ ከከተማ ርቆ ላለ ሰው አምቡላንስ ይዘገያል። በኦክቶበር 2016 ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን ባለው በኖርቴልዬ አካባቢ ከዓይን ርቀው 18 በረራ አደረጉ። የድሮኑ ክብደት 5.7 ኪሎ፤ የመካከለኛው በረራ ርቀት 3.2 ኪሎ ሜትር ነበር። ከጥሪ እስከ መድረስ የድሮኑ መካከለኛ ጊዜ 5 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሆነ፤ በእነዚያው ቦታዎች ቀደም ሲል ለነበሩ እውነተኛ ጥሪዎች አምቡላንስ የወሰደው 22 ደቂቃ ነበር።

ያ ሙከራ ነው፤ በሽተኛ የለበትም። ቀጥሎ በጎተንበርግ አካባቢ፣ የአየር ቁጥጥር ባለበት ሰማይ፣ ኤቨርድሮን ከተባለው ኩባንያ ጋር በእውነተኛ የድንገተኛ ጥሪ ላይ ሠሩት። በዲሴምበር 2021 ትሮልሄታን ከተማ ደጃፉን በረዶ ሲጠርግ የነበረ የ71 ዓመት ሰው ልቡ ቆመ። ድሮኑ ከሦስት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ መሣሪያውን አደረሰ፤ በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፍ የነበረ ሐኪም ተጠቀመበት፤ ሰውየውም ዳነ። በዓለም የመጀመሪያው ነው ተባለ።

ስለ ስኬቱ ብቻ ብነግራችሁ ግን ማታለል ይሆንብኛል። በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ የወጣው ሰፊው ጥናት እንደሚያሳየው ከ211 ጥሪዎች ድሮን የተነሣው በ72ቱ ብቻ ነው፤ መሣሪያው የደረሰው በ58ቱ። የሁለቱም የመድረሻ ጊዜ ከታወቀባቸው 55 ጥሪዎች በ37ቱ ድሮኑ አምቡላንሱን ቀደመ፤ በእነዚያም መካከለኛው ብልጫ 3 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ነበር። ከ211 ወደ 72 የወረደው ቁጥር የአደጋ ምዘና ዋጋ ነው። ሰማዩ የማይፈቅድ ከሆነ ድሮኑ አይነሣም፤ የማይነሣበት ሰዓት ደግሞ የአንድ ሰው ልብ የቆመበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ከባድ ሒሳብ በቁጥር ጽፎ ለሕዝብ የሚያሳይ ሥርዓት ግን እምነት ይጣልበታል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሕግ አክባሪው ነው፤ ሕግ የማያከብርም አለ። በጃንዋሪ 2022 በፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ ላይ ድሮን ታየ፤ በእነዚያው ቀናት በሌሎች የኑክሌር ጣቢያዎችና በስቶክሆልም በቤተ መንግሥት አካባቢ ታየ የሚል ሪፖርት ተከተለ። ምርመራውን ሴፖ ያዘው። በሴፕቴምበር 2024 ከእሑድ ወደ ሰኞ በሚያነጋው ሌሊት አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ድሮኖች ታዩና ሰማዩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተዘጋ፤ አውሮፕላኖች ወደ ሌላ ማረፊያ ተላኩ። በሴፕቴምበር 2025 የኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሰዓት ያህል ተዘጋ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ በ2018 ገና ሊደርስ ሲል፣ የለንደኑ ጋትዊክ ማረፊያ ተዘግቶ 1000 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጉለው ነበር፤ እዚያ ድሮን መኖሩን የሚያረጋግጥ ምስል ለሕዝብ ቀርቦ አያውቅም። በጨለማ የሚታይ መብራት ድሮን ይሁን ሌላ አውሮፕላን መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው፤ የማማው ሰዎች ግን ካልተጠራጠሩ መቶዎችን ለአደጋ ያጋልጣሉ፤ ስለዚህ ይዘጋሉ።

ግራሙና ጁሉ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። ምድብ የሚይዘው ሊመደብ የመጣውን ነው። አውሮፓ ይህን በተግባር ተምራለች። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ የምድብ ምልክት ያላቸው አብዛኞቹ ድሮኖች ሲበሩ መለያ ቁጥራቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ እየነገሩ መሄድ አለባቸው። የመኪና ታርጋ በሉት። ታርጋ የሚለጥፍ ሌባ የለም፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ታርጋ ሲኖረው ታርጋ የሌለው በቶሎ ይለያል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ዩ-ስፔስ የሚባል ሥርዓት በደንብ ተፈቅዷል፤ በተመረጠ ክልል ውስጥ የበረራ ፈቃዱ፣ የትራፊክ መረጃው፣ መለያው ሁሉ በኮምፒውተር ይሰጣል። ስዊድን እንዲህ ላለው ነገር እንግዳ አይደለችም፤ በ2015 የኧርንሸልስቪክን ማረፊያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው ሱንስቫል በካሜራ መቆጣጠር የጀመረች፣ በዓለም ቀዳሚዋ አገር ናት።

እንግዲህ ስዊድን «ቢወድቅ ማንን ይጎዳል?» ብላ ጀምራ «የማን ነው?» ወደሚለው እየመጣች ነው። አገራችን የተነሣችው ከሌላኛው ጫፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትና ለማንሣት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳያውቅ በሻንጣው ይዞ ቦሌ የደረሰ ዲያስፖራ ድሮኑን ጉምሩክ ላይ ትቶ ነው የሚገባው። ጦርነት ያየች አገር መጀመሪያ «የማን ነው?» ብላ መጠየቋ አያስገርምም፤ አርላንዳ ሲዘጋ ያየን ሰዎች ልንስቅበት አይገባም። ነገር ግን በዚያ ብቻ መቆም አይበቃም። ጤና ኬላ ክትባት የሚያደርስ ድሮን፣ የሠርግ ባለሙያ ይዞት የሚዞር ድሮንና የጤፍ ማሳ የሚለካ ድሮን በአንድ የጸጥታ መዝገብ ሲታዩ፣ ተፈላጊው ከተራው ጋር እኩል ይጉላላል፤ ፈቃድ ያገኘውም ሰው ከሕዝብ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚያስተምረው አያገኝም። አፍሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ አለ። ሩዋንዳ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ዚፕላይን በተባለው ኩባንያ ድሮን ደም ለሆስፒታሎች ታደርሳለች። ማላዊ ከዩኒሴፍ ጋር በ2017 በካሱንጉ ዙሪያ 40 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክልል ለሙከራ ከፈተች፤ ከፍታውም እስከ 400 ሜትር ተፈቀደ። ሰማዩን በሙሉ አልከፈቱትም፤ የተከለለ ቦታ ሰጥተው አዩት።

የሌላ አገር ደንብ ሲገለብጡ ደግሞ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአውሮፓው 120 ሜትር የሚለካው ድሮኑ ከተነሣበት ሳይሆን ከሚቀርበው የምድር ገጽ ነው። ስዊድን ሜዳ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆሞ ድሮኑን በእግሩ ትይዩ ወደ ፊት የሚልከው ሰው ግን አንዲት ሜትር ሳይወጣ ከመሬት ከ1000 ሜትር በላይ ሊገኝ ይችላል። ለእኛ መልክዓ ምድር ይህ አንድ ሐረግ ከመላው ደንብ የበለጠ ሊያስፈልግ ይችላል። አየሩም በ2400 ሜትር ከፍታ አዲስ አበባ ላይ ሲሳሳ ድሮኑ የሚሸከመው ይቀንሳል፤ ስቶክሆልም የተፈተነው ሚዛን እዚያ አይሠራም። በዚህ አዳራሽ መሐንዲሶች፣ የሕግ ሰዎችና የበረራ ባለሙያዎች አላችሁ። የምለምናችሁ የአደጋ ምዘናውን አሠራር በአማርኛ ጻፉት፤ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ለወጣት ባለድሮኖችም ይድረስ።

እዚህ ለምትኖሩት ደግሞ የቀረኝ አጭር ነው። ካሜራ ያለው ድሮን ካላችሁ፣ ቢያንስም፣ በትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ቁጥሩን ድሮኑ ላይ ለጥፉ። ሳታነሡት ካርታውን እዩ። የሄሊኮፕተር ድምፅ ከሰማችሁ ቀረጻው ቢቋረጥም ወዲያው አውርዱት። ከ250 ግራም በላይ ለሆነው ደግሞ ፈተና አለ፤ በኢንተርኔት ነው የሚሰጠው፤ 40 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው ሰባ አምስት ከመቶ ነው።